ቅልና ጨው ይዘን ወደ ቡሬ

እኔ ቀስ ብዬ የምጽፍ ሴት ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አስቆጠሩኝ፤ መፍጠኑን ግን አላስተማሩኝም። ከደምበጫ ተነሥተን ቡሬ ደርሰን የተመለስነው በጥቅምት ነበር። ይኸው ልደት ደረሰ፣ እኔ ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ነኝ። የምጽፈውም ጎረቤቶቼ ስላስቸገሩኝ ነው። ውሃ ስቀዳ፣ ገበያ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ባሏ በሞተ በስምንተኛው ወር ቅል ታቅፋ የት ከርማ መጣች የሚለው ጥያቄ አያልቅም። እንግዲህ የጠየቀኝ ሁሉ ያንብበው። ማንበብ የማይችል የሚችል ይፈልግ።

መጀመሪያ ስለ ቅሉ። ባሌ ይሁኔ ቡሬ ላይ ጣሊያኖች ባቆሙት ሐኪም ቤት የራጅ መኪና ጠባቂ ነበር። ሥራውን የተማረው ከወረራው በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ዘንድ ነው። ራጅ ማለት ሥጋን አልፎ አጥንት ላይ የሚቆም ብርሃን ነው፤ ዓይን አያየውም፣ የፎቶግራፍ መስታወት ግን ያየዋል። ሌላው ሠራተኛ በዚያ መኪና የሰው ጎድን ሲያይበት፣ የእኔ ባል ፀሐይን ማየት አማረው። ፀሐይም ከዋክብትም ይህን ብርሃን ሳይረጩ አይቀሩም፣ አየሩ መንገድ ላይ እየዋጠው ነው እንጂ ይል ነበር። ከጦር ሰፈሩ ለምልክት የሚተኮሰውን ርችት እያየ፣ አንድ ቀን ከአየሩ በላይ የሚወጣ ርችት ይሠራል፤ ወጥቶ ወዲያው ይወድቃል፣ እዚያ ላይ የሚቆየውም አንድ ሰው ጸሎተ ሃይማኖትን ጥቂት ጊዜ እስኪደግም ነው ይላል። እንግዲህ በዚያች ጊዜ ውስጥ አይቶ የሚጨርስ፣ ወድቆም የማይሰበር መሣሪያ ከአሁኑ ሠርቼ ላቆይ አለ። ርችቱ የለም። መሣሪያው ግን ለርችቱ ተሠራ። ይህን ሰው ነው ያገባሁት።

የሠራው በቅል ነው፤ ከቅል የቀለለና የጠነከረ ነገር አላገኘም። የቅቤ ቅሎቼን አንድ በአንድ ከዋርካ ላይ እየወረወረ ፈጃቸው፤ የማይሰበረው ተገኘ፣ እኔ ቅቤዬን በድስት አኖርሁ። በቅሉ አፍ ላይ ሁለት ምላጭ ፊት ለፊት አቁሞ በመካከላቸው ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት ተወ። ብርሃኑ በዚያች ገብቶ አንድ የጠራ የጨው ድንጋይ ላይ ያርፋል። ጨው ውስጡ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረ ነውና ብርሃኑን በየዓይነቱ ለይቶ ይመልሰዋል፤ ከኋላ፣ ሌላ ብርሃን እንዳያየው በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ መስታወት ላይ መስመር ሆኖ ይታተማል። መስመሩ የት እንዳረፈ የለካ ሰው፣ ብርሃኑ ከምን ማዕድን እንደ ወጣ ያውቃል። ጨዉን ከአንድ አሞሌ መካከል ነው ያወጣው፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ የሦስት ጣት ስፋት ያለው። ፊቱን ለማለስለስ ውሃ ቢጠቀም ይሟሟበታል፣ በደረቁ ቢያሸው ይቧጨርበታል። ስለዚህ በምላሱ ጫፍ አንዴ ይልሰውና በሐር ጨርቅ ይጠርገዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ። ከእኔ ይልቅ ያንን ድንጋይ አብዝቶ ስሟል።

አንድ ቀን ቅሉን ራጅ መኪናው ፊት አስቀምጦ፣ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር መኪናውን ለብዙ ሰዓት ክፍት ተወው። ሐኪሙ ደረሰበትና አባረረው። ቅሉን በጋቢው ሸሽጎ ደምበጫ ገባ። መስታወቱ በመድኃኒት ካልታጠበ መስመሩ አይወጣም፤ ብርሃን ካየ ደግሞ እስከ ወዲያኛው ይበላሻል። መድኃኒቱ ያለው ቡሬ ነው። ጨዉን አውጥቶ ቅሉን በሰም አሽጎ ተቀመጠ። ከዚያ ራጅ ሲያገኛቸው የኖሩ ጣቶቹ ጠቆሩ፣ ቆሰሉ፣ ቁስሉ ወደ ክንዱ ወጣ። የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ንፍሮዉን በልታችኋል።

በጥቅምት መጀመሪያ በእሱ ቦታ የገባው ጓደኛው ጥሩነህ ላከብኝ። ሐኪሙ እስከ ሰኞ የለም፣ እስከ ዓርብ ከመጣሽ መስታወቱን አጥበዋለሁ፣ ጨዉንም አምጪ፣ መስታወቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ እንደገና እንሞክራለን ይላል። መስመሯ ካለች ይሁኔ የሞተው ሥራ ሠርቶ ነው። ከሌለች የቅል ሰባሪ ነበር ማለት ነው። እኔም የትኛውን እንደ ቀበርሁ ማወቅ ፈለግሁ።

ማክሰኞ

ብቻዬን ልሄድ አሰብሁ። የይሁኔ ታላቅ እህት እትዬ ውዴ ግን በቅሎዋን ጭነው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እትዬ ውዴ ያንን ቅል አይወዱትም፤ እኔንም በቀብሩ ቀን ስላላለቀስሁ ተቀይመውኛል። እሳቸው ግን አልቅሰው ድምፃቸው ለወር ዘግቷል። ለምን እንደሚመጡ ብጠይቃቸው፣ ወንድሜን የገደለው ቅል ባዶ መሆኑን በዓይኔ ለማየት ነው አሉ። እንግዲህ መንገደኞቹ እኛ ነን፤ አንዷ መስመር የምትፈልግ፣ አንዷ ባዶ የምትፈልግ።

ጣሊያን የሠራው መንገድ ከደምበጫችን ጭቃ እንደሚሻል አልክድም። በቅሎዋ ግን ድንጋዩን ስላልወደደችው ከመንገዱ ዳር በቦዩ ውስጥ ሄደች፤ እትዬ ውዴ ከላይ ሆነው፣ እኔ መንገዱ ላይ ሆኜ እሷን እንደ ማባበል። አንድ ካሚዮን ጥሩምባውን ነፍቶ ሲያልፍ ደነበረችና እትዬ ውዴን አንድ የማሽላ ማሳ ውስጥ አራገፈቻቸው። ምንም አልሆኑም። ማሽላው ግን ተጎድቷል፤ ባለቤቱ እየሮጠ መጥቶ እትዬ ውዴን ሲያይ፣ ይልቁንስ እናንተ ደኅና ናችሁ ወይ ብሎ ሁለት ራስ ማሽላ ሰብሮ አስጨበጣቸው። ደምበጫ ቢሆን መጀመሪያ እንሰዳደብ ነበር።

ጅጋ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ያደርነው የአባቴ ደቀ መዝሙር ከነበሩ መሪጌታ ቤት ነው። የበቆሎ እሸት ተጠብሶ ቀረበልን፤ ጠላው ከእኛ ይቀጥናል፣ ግን በብዙ ተቀዳልን። አጎዛው ላይ የነበረው ቁንጫ ከነቤተሰቡ ተቀበለን። መሪጌታ ስለ ቅሉ ጠየቁኝና እንደ ምንም አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ፣

«እንግዲህ አየሩ ባይኖር ፀሐይ አጥንታችንን እያየችን ትውል ነበር በይኛ» አሉኝ።

«ባለቤቴ እንደዚያ ይመስለው ነበር፣ አባ።»

«እግዜር ጋቢ አልብሶናላ፤ ባልሽ ደግሞ ከጋቢው በላይ ወጥቶ ማየት ፈለገ።»

ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው፣ እርስዎም ቢሆኑ ጋቢ ሲገልጡ ነው የኖሩት አሏቸው። መሪጌታ ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ አልጠየቁኝም።

ረቡዕ

ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ኬላ አለ። አንድ ጣሊያን ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ ደግሞ ዕቃ ይፈትሻል። የይለፍ ወረቀታችን ደኅና ነበር። ቅሉ ነው ያልተወደደው። አስካሪው አነሣውና ክብደቱ አስገረመው። ቅቤ ነው ወይ አለ፤ አይደለም አልሁ። አረቄ ነው ወይ አለ በተስፋ፤ አይደለም አልሁ። ነቀነቀው፤ የሚንቦጫቦጭ ነገር ባለመስማቱ ያዘነ መሰለኝ።

የከበደው እርሳስ ነው። ራጅ በጎን ሾልኮ እንዳይገባ ይሁኔ የቅሉን ውስጥ በእርሳስ ለብጦታል፤ እርሳሱን ያገኘው ከተተኮሰ ጥይት ነው። በዚህ ዘመን እርሳስ ይዞ የተገኘ ሰው ለአርበኞች ጥይት ሊያቀልጥ ነው ይባላል፤ የሚሰቀልበትም አለ። ይህን ቤቴ ሆኜ አላሰብሁትም ነበር። ጣሊያኑ በእጁ ምልክት ሰጠ፣ አስካሪውም ጩቤ መዘዘና ሰሙ ላይ አኖረው። ሰሙ ተቀድዶ ወረቀቱ ቢገለጥ መስታወቱ አለቀለት፤ እርሳሱ ቢታይ እኛ አለቀልን። አንድም የሚረባ ውሸት አልመጣልኝም።

እትዬ ውዴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መንገዱ መካከል ተቀመጡ።

«ክፈተው፣ ልጄ» አሉት። «ወንድሜን የገደለው እዚህ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጣቶቹን አጠቆረው፣ ቀጥሎ ክንዱን በላው። ይችን ሚስቱን ጠይቃት። ክፈተውና ለአንተም ለጌታህም ይድረሳችሁ።»

አስካሪው የሰማውን ለጣሊያኑ ተረጎመለት። ጣሊያኑ ቅሉን ሳይነካ እጁን በመሐረብ ጠረገ። አስካሪው ቅሉን እንደ ተኛ ሕፃን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ሂዱ ተባልን። ኬላው ከዓይናችን ሲርቅ ሳቅ ያዘኝ።

«ምን ትስቂያለሽ» አሉኝ እትዬ ውዴ። «አንድ ቃል አልዋሸሁም።»

የላህን ወንዝ ተሻግረን ወደ ማምሻው ማንኩሳ ገባን። አገሩ ከእኛ ይልቅ ለምለም ነው፤ በቆሎው ሰው ይሰውራል፣ ከብቱም እንደ ባለ ርስት በመንገዱ መካከል ይተኛል። የተቀበሉን ወይዘሮ ጠጂቱ የሚባሉ የእትዬ ውዴ የጡት ልጅ አማች ናቸው፤ ዝምድናው ረጅም ነው፣ ሴትዮዋ ግን እንደ እህት ነው የተቀበሉን። እግራችንን አጠቡን። እትዬ ውዴ እንደ ደንቡ አገልግላችንን አስረከቧቸው፤ ሰው ቤት ገብቶ የራስን ስንቅ መብላት ነውር ነውና። ወይዘሮ ጠጂቱም እንደ ደንቡ ከፈቱት፣ ያለውን ከራሳቸው ጋር ሊያቀርቡ።

ጾም ስለ ነበር ሽሮ ቀረበልን። ጎረሥሁ። ጣፈጠኝ። ደገምሁ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብሁ። ጣሊያን መንገዱን ከዘጋጋው ወዲህ ጨው እንደ መድኃኒት በቁንጥር ነው የሚገኘው፤ እኛ ደምበጫ ሽሯችንን አልጫ መብላት ከጀመርን ቆይተናል። ይህ ሽሮ ግን ጨው ሞልቶታል። ጨዉን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው።

«የራሳችሁን ነዋ» አሉኝ በደስታ። «በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከላይ ስታኖሩት፣ ለእኔ እንዳመጣችሁት መቼ ጠፋኝ። እንዲህ የጠራ ጨው ካየሁ ዘመን የለኝም።»

ጨዉ መንገድ ላይ እንዳይፈነካከት እኔው ነኝ በሐር ጨርቁ ጠቅልዬ አገልግሉ አናት ላይ ያስቀመጥሁት። በዚህ ዘመን ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ የሚይዘው ትልቁ ስጦታ ጨው ነው፤ እኔ ሞኟ በስጦታ አኳኋን አሳምሬ ጠቅልዬዋለሁ። ጨርቁ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ምሰሶው ላይ ተሰጥቶ አየሁት። አልተናገርሁም። ምን ብዬ? የእንግዳ ክብር ብለው ጎረቤት ጠርተው፣ ሁሉ ሰው እየመረቀን እየበላ፣ ያ ጨው ፀሐይ ማያ ነበር ይባላል?

ወደ እትዬ ውዴ ጆሮ ጠጋ ብዬ ነገርኋቸው። የያዙት ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ወንድሜ ሲልሰው የነበረውን?»

«ያንኑ።»

ለጥቂት ጊዜ ሽሮዉን አዩት። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሡ። «በሕይወቱ አንድ ቀን ቤታችንን አጣፍጦልን አያውቅም» አሉኝ፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖ። እኔም በላሁ። ባሏን የበላች ሴት ከአሁን በፊት ስድብ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛ ሙከራ ቀረ። ያለን አንዱ መስታወት ብቻ ሆነ።

ሐሙስ

ወይዘሮ ጠጂቱ አገልግላችንን ዳቦና ድንች ሞልተው፣ ከላይ የታጠበውን ጨርቅ አጥፈው መለሱልን። ቡሬ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ቡሬ ከደምበጫ ይሰፋል፣ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ጣሪያውም ይበዛል፤ ውሻው ግን እንደኛው ነው። የጥሩነህ ሚስት ገላችንን በሙቅ ውሃ አስታጠቡን፤ ለእትዬ ውዴ ወገብ ቅቤ አቅልጠው አሹላቸው፤ ከማሽላው ማሳ ጀምሮ ደብቀውት የመጡት ሕመም ያኔ ተገለጠ።

ጥሩነህ የመጀመሪያ ጥያቄው ጨዉን አመጣሽው ወይ የሚል ነበር። መጀመሪያ መስታወቱ ይታጠብ አልሁት። ሰው ጥያቄ ሲሸሽ ያስታውቃል፤ አልገፋበትም።

ዓርብ

የሚታጠብበት ክፍል መስኮቱ በጥቁር ብርድ ልብስ ተዘግቷል፤ ያለው አንድ ቀይ መብራት ብቻ ነው። እትዬ ውዴ ካልገባሁ አሉ። ገብተው ሲያዩት አማተቡና፣ ሲኦል ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር አሉ። ጥሩነህ ሰሙን ቀደደ፣ መስታወቱን ከጥቁር ወረቀቱ አወጣና ሳህኑ ውስጥ ነከረው። ሳህኑን ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። ምንም የለም። ያወዛውዘዋል። ምንም የለም። እትዬ ውዴ ባዶ መሆኑን ለማየት የመጡት ሴት፣ ክንዴን እስኪያመኝ ጨምቀው ያዙኝ።

ከዚያ አንዲት ጥቁር መስመር ወጣች። ከአጠገቧ ደግሞ አንዲት የቀጠነች። እንደ ፀጉር፣ ቀጥ ብለው።

ጥሩነህ ሳህኑን ማወዛወዙን ተወ። «ይሁኔ ትወጣለች ባለበት ቦታ ላይ ወጣች» አለ።

«ይቺ ናት?» አሉ እትዬ ውዴ።

«ይቺ ናት፣ እናቴ። መኪናው ውስጥ ያለው ብረት የሚሰጠው ብርሃን ናት። ይህን ከለየ አንድ ቀን የፀሐይንም ይለያል።»

«ለዚህች ክር ነው?» አሉ፣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለመስታወቱ ይሁን ለወንድማቸው እንጃ፣ «ጎበዝ» አሉ።

እኔ ደስ አለኝ፤ ዓይኔ ግን እንደ ደረቀ ነው። የሆነ ነገር ተበላሽቶብኝ እንደሆነ እንጃ ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ጥሩነህ ጨዉን ጠየቀ። አንድ መስታወት አይበቃም፣ ጭረት ነው የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዳግመኛ እዚያው ቦታ ከወጣች ግን ማንም አፉን አይከፍትም አለ። እንዲህ ያለ የጠራ ጨው ደግሞ ይሁኔ ዓመት ፈልጎ ነው ያገኘው። ጨዉን ማንኩሳ ላይ በሽሮ በላነው አልሁት። እስኪያለቅስ ሳቀ፣ ቀጥሎ እውነትም ሳያለቅስ አልቀረም፤ ፊቱን አዙሮ ሳህኑን ማጠብ ጀመረ።

ቅዳሜ

እሑድ ጥሩነህ ዘንድ ሁለተኛ መስታወት እንደ ተነሣ፣ መስመሮቹም እዚያው ቦታ፣ ከፊተኞቹ ይልቅ ቀጥነውና ጠርተው እንደ ወጡ አሁኑኑ ልጻፈው። የቅዳሜውን ነገር መጨረሻ ላይ ልተወው ስለ ፈለግሁ ነው።

ቅዳሜ ወደ ቤታችን ስንመለስ ማንኩሳ ወይዘሮ ጠጂቱ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁን። እትዬ ውዴ ወገባቸው ኮርቻ ስላልቻለ በቅሎዋ ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ ገና ሳልወርድ ሴትዮዋ ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ። ግማሹ ጨው ነው።

«ባሏ የሞተባት ሴት ያላትን ሁሉ ጠቅልላ ስትሰጠኝ እንዴት ሁሉን እወስዳለሁ» አሉኝ። «ለመመለሻችሁ ያስቀረሁት ነው። በቢላዋ ጀርባ አንዴ ብመታው ለሁለት ተከፈለልኝ፤ አልፈረፈረም።»

ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። የተሰበረበት ፊት እንደ መስታወት ቀጥ ያለ ነበር፤ አንድ ጭረት የለበትም። ይሁኔ ሁል ጊዜ፣ ጨው ከተመታ በንብርብሩ ነው የሚከፈል ይል ነበር፤ ይል ነበር እንጂ የእሱን ድንጋይ ሊመታው አንድ ቀን አልደፈረም። ሁለት ዓመት በምላሱ ሲያባብለው የኖረውን ፊት እኚህ ሴት በቢላዋ ጀርባ፣ ሽሮ ቸኩለው፣ በአንድ ምት አወጡት። እዚያው በቅሎ ላይ ሆኜ ለባሌ የነገርሁትን ስድብ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ጨዉ ጓዳ ውስጥ ሰንብቶ ፊቱ ላይ በርበሬ ተበትኖበታል። በዚህ ሁኔታ ቅሉ ውስጥ አይገባም። ውሃ ያሟሟዋል፣ ደረቅ ጨርቅ ይቧጭረዋል። እትዬ ውዴ አዩኝ። ወይዘሮ ጠጂቱ ምን እንደምናይ አልገባቸውም።

ከበቅሎ ወረድሁ። ጨዉን አንዴ በምላሴ ጫፍ ላስሁትና በሐር ጨርቁ ጠረግሁት። አገላብጬ ደግሞ ላስሁት። ያኔ ዓይኔ ሞላ፤ ሞልቶም አልቆመም፤ መንገዱ ዳር ቁጭ አልሁ።

ወይዘሮ ጠጂቱ ደንግጠው ምን ነካት አሉ።

እትዬ ውዴ ስምንት ወር የጠበቁትን አገኙ። ግን አልነኩኝም፣ አብረውኝም አላለቀሱም። የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ፊቷን ወደ ቡሬ አዞሩ።

«ምንም አልሆነች» አሏቸው። «በርበሬው ነው።»